ማሳያ፣ ማያ ገጽ፣ ጥራት፤ የኮምፒዩተር መታያ ቃላት ታሪክና የፊደላችን ፍላጎት

1. መግቢያ

የአንድ ዕቃ ስም ዕቃውን ከመጥራት አልፎ ስለ ዕቃው የምናቀርበውን ጥያቄ ይወስናል። ስሙ ግልጽ የሆነለት ገዢ የሚፈልገውን ለይቶ ይጠይቃል፤ ስሙ የተደበላለቀበት ግን ሻጩ የሰጠውን ተቀብሎ ይሄዳል። ይህ ሐቅ በዛሬው ጊዜ ጎልቶ ከሚታይባቸው የቃላት መስኮች አንዱ፣ ጸሐፊውና ተርጓሚው ቀኑን ሙሉ ሲሠራበት ውሎ ማታ ፊልምና የኳስ ጨዋታ የሚመለከትበት የኮምፒዩተር መታያ ነው። መሣሪያውን አንዱ ሞኒተር፣ ሌላው ስክሪን፣ ሦስተኛው ማሳያ፣ አራተኛው ማያ ገጽ ይለዋል፤ በትርጉም ሥራዎች ላይ ደግሞ መቆጣጠሪያ ተብሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ስለ መሣሪያው ብቃት ሲነገር ግን ሁሉም በአንድ ቃል ይገናኛሉ። ያም ቃል “ጥራት” ነው።

በስም አምስት፣ በብቃት አንድ ቃል መኖሩ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሁለት ተቃራኒ ችግሮችን በአንድ ጊዜ ያቀርባል። በአንድ በኩል ለአንድ ነገር ብዙ ስም አለ፤ በሌላ በኩል ለብዙ ነገር አንድ ስም ብቻ አለ። ከሁለቱ የሚከፋው ሁለተኛው ነው። ብዙ ስም ያለው ዕቃ ቢያንስ በአንዱ ስሙ ይገኛል፤ ስም ያጣ ባሕርይ ግን ሊጠየቅም፣ ሊነጻጸርም፣ በውል ሊጻፍም አይቻልም።

በዚህ ጽሑፍ ቃላቱ ከየት ተነሥተው እዚህ እንደ ደረሱ፣ ፊደላችን በመታያው ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚጠይቅ፣ በመጨረሻም የትኛው ቃል ለየትኛው ነገር ቢመደብ ገዢውንም ተርጓሚውንም እንደሚጠቅም በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

2. ከሲኒማ ቤት እስከ ፕላዝማ

ምስል የሚታይበት ገጽ በአገራችን ስም መፈለግ የጀመረው ከኮምፒዩተር መምጣት እጅግ ቀደም ብሎ ነው። የመጀመሪያውን የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ “የሰይጣን ቤት” ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። በዚህ ስያሜ ውስጥ የቋንቋ ባለሙያ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ሕዝቡ የሰየመው መሣሪያውን ወይም ምስሉ የሚያርፍበትን ገጽ ሳይሆን ቤቱንና ቤቱ ያሳደረበትን ስሜት መሆኑ ነው። ፍርሃቱ ሲያልፍ ስሙም አብሮ አለፈ፤ ቦታውን “ሲኒማ” የሚለው የውሰት ቃል ወረሰው። ከስሜት የተወለደ ስም ከስሜቱ ጋር እንደሚያልፍ ለስያሜ ሥራ የመጀመሪያው ትምህርት ከዚህ ይገኛል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር መሣሪያው የመጣው ከስሙ ጋር ነበር። ቃሉ ግማሹ ከግሪክ፣ ግማሹ ከላቲን የተቀጠለ ሲሆን ፍቹ “ርቀት” እና “ማየት” የሚሉትን ሁለት ሐሳቦች ያጣምራል። በግእዝ አገባብ አዲስ ቃል መፍጠርን የሚወዱ ጸሐፍት “ምስለ መስኮት” የሚለውን አማራጭ አቅርበው ነበር። ቃሉ ቴሌቪዥንን ከዕለት ንግግር ሊያስወጣው አልቻለም፤ ነገር ግን ፈጽሞ አልሞተም። “በቴሌቪዥን መስኮት ቀረበ” የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ በዜና አንባቢውም በተመልካቹም አፍ ይገኛል። የተሰየመው ቃል ባይጸድቅም በውስጡ ያለው ምሳሌ ጸደቀ፤ ምስል የሚታይበት ገጽ በአማርኛ ተናጋሪ ልቡና ውስጥ መስኮት ሆነ።

ሆኖም ይህ መልካም ምሳሌ በኮምፒዩተር ዘመን ከባድ ተፎካካሪ ገጠመው። በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ የሚከፈቱትና የሚዘጉት ክፍሎች ራሳቸው በእንግሊዝኛ “መስኮት” የሚል ስም ተሰጥቷቸው ስለ ነበር፣ አማርኛውም ይህንኑ ተከትሎ “መስኮት” አላቸው። ስለዚህ መላውን ገጽ መስኮት ብንለው፣ “በመስኮቱ ላይ ሁለት መስኮት ክፈት” የሚል ግራ የሚያጋባ ትእዛዝ ይወጣል። በቴሌቪዥን የሠራው ቃል በኮምፒዩተር የማይሠራበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ቃሉ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ቦታው ስለ ተያዘበት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው “ፕላዝማ” ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ሥርጭት መሰጠት ሲጀምር በየክፍሉ የተሰቀሉት ጠፍጣፋ መታያዎች በውስጣቸው ባለው የጋዝ አሠራር ምክንያት በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ተማሪው ስለ ጋዙ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ለእሱ ፕላዝማ ማለት በግድግዳ ላይ ሆኖ የሚያስተምረው ነገር ነው። “በፕላዝማ ተማርን” ሲል መምህሩን፣ ሥርጭቱንና መሣሪያውን በአንድ ቃል አጠቃሎ መናገሩ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ገደማ ታላላቆቹ አምራቾች የፕላዝማ ቴሌቪዥን መሥራታቸውን አቆሙ፤ ቃሉ ግን በከተማችን ለማናቸውም ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ስም ሆኖ ቀጠለ። ዛሬ “ፕላዝማ ገዛሁ” የሚል ሰው የገዛው ፕላዝማ አይደለም ማለት ይቻላል።

3. የቁስቋም አነጋገር

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ቁስቋም የሚወጣው መንገድ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት የተመቸ ነው። በአንድ ጫፍ የዩኒቨርሲቲው ተርጓሚና መምህር፣ በመካከል በኮምፒዩተር የሚጽፉ፣ የሚያባዙና የሚጠርዙ ትናንሽ ቤቶች፣ ወደ ላይ ደግሞ የሸማኔው መንደርና የወጣቶች የጌም ቤቶች ይገኛሉ። በአንድ መንገድ ላይ አራት ዓይነት ተናጋሪ መገኘቱ ቃሉ ከሰው ሰው ሲሸጋገር እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት ይረዳል።

በቁስቋም ዙሪያ ባደረግነው ማዳመጥ የተገነዘብነው ክፍፍል የሚከተለው ነው። በጽሕፈት ሥራ የሚተዳደሩት ዕቃውን ሞኒተር፣ ፊቱን ስክሪን ይላሉ፤ “ሞኒተሩ ደህና ነው፣ ስክሪኑ ተሰንጥቋል” ይባላል። የጌም ቤት ልጆች ሁሉንም ስክሪን ይሉታል። በቤት ውስጥ የሚነገረው ፕላዝማ ወይም ፍላት ነው። ማያ ገጽና ማሳያ በአፍ ሲነገሩ አልሰማንም ለማለት እንደፍራለን፤ የሚኖሩት በአማርኛ በተተረጎሙ የስልክና የኮምፒዩተር ትእዛዞች ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ ስልኩን በአማርኛ የሚጠቀም ሰው ሁለቱንም አይቶ ሳይቸገር ይረዳቸዋል። ሳይነገር የሚገባ ቃል ግማሽ መንገድ የሄደ ቃል ነው።

ከዚህ የምንማረው ተናጋሪው በራሱ ጊዜ ዕቃውንና ፊቱን ለይቶ መሰየሙን ነው። ይህ ልዩነት ከመዝገበ ቃላት የወረደ አይደለም፤ ጥገና ከሚያስፈልገው ዕቃ የመጣ ነው። የስያሜ ባለሙያ ሥራ እንዲህ ያለውን ልዩነት መፍጠር ሳይሆን ማክበር ነው።

4. “መቆጣጠሪያ” ለምን ስሕተት ይሆናል

ሞኒተር የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን የመጀመሪያ ፍቹ “የሚያስጠነቅቅ፣ የሚመክር” ማለት ነው። በቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሥርጭቱ ባለሙያ የሚወጣውን ምስል እየተመለከተ ደኅንነቱን የሚያረጋግጥበት መታያ በዚህ ስም ተጠራ፤ ምክንያቱም መታያው ለቁጥጥር ሥራ ያገለግል ስለ ነበር ነው። ከዚያም ስሙ ወደ ኮምፒዩተሩ መታያ ተላለፈ። ሲተላለፍ ግን የቁጥጥሩ ሐሳብ ወደ ኋላ ቀርቶ የማሳየቱ ሐሳብ ብቻ ተከተለው።

ስለዚህ ቃሉን መቆጣጠሪያ ብሎ የሚተረጉም ሰው የተረጎመው የቃሉን ታሪክ እንጂ ቃሉን አይደለም። ጉዳቱም በዚህ አያበቃም። በአማርኛ መቆጣጠሪያ ማለት ሌላውን የሚያዝ ነገር ነው፤ የቴሌቪዥን ሪሞትም በአንዳንድ ጽሑፍ መቆጣጠሪያ ይባላል። የኮምፒዩተር መታያ ግን የታዘዘውን ያሳያል እንጂ አያዝም። በግዢ ሰነድ ላይ “27 ኢንች መቆጣጠሪያ” ተብሎ ቢጻፍ አቅራቢው ምን ማምጣት እንዳለበት ከመጠየቅ በቀር አማራጭ አይኖረውም።

ከአማርኛው ወገን ያሉትን ሦስት ቃላት በአፈጣጠራቸው ብንመረምራቸው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ አላቸው። “ማያ” ከማየት የወጣ የመሣሪያ ስም በመሆኑ ወደ ተመልካቹ ያደላል፤ ሰው የሚያይበት ማለት ነው። “ማሳያ” ከማሳየት የወጣ ስለ ሆነ ወደ መሣሪያው ያደላል። “መታያ” ደግሞ ከመታየት የወጣ ነውና ወደ ምስሉ ያደላል፤ ምስሉ የሚታይበት ቦታ ማለት ነው። እንግዲህ ፊቱ ማያ ገጽ፣ ዕቃው ማሳያ ቢባል የአማርኛ ሰዋስው ራሱ ይደግፈዋል። መታያ እኛ በዚህ ጽሑፍ እንደምናደርገው ቴሌቪዥኑንም፣ ስልኩንም፣ ኮምፒዩተሩንም አጠቃሎ ለመጥራት ሊያገለግል ይችላል። ማሳያ አንድ ድካም አለበት፤ “ምሳሌ፣ ማስረጃ” በሚልም ፍች ስለሚነገር ብቻውን ሲቆም ሊያሻማ ይችላል። ስለሆነም በውልና በጨረታ ላይ “የኮምፒዩተር ማሳያ” ተብሎ ሙሉው መጻፍ አለበት።

5. ፊደሉና ነጥቦቹ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ስም ነው፤ አሁን ስሙ ስለሚያመለክተው ነገር እንናገር። በመታያ ላይ የሚታይ ማናቸውም ምስል በረድፍና በዓምድ ከተሰለፉ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች የተሠራ ነው። ፊደልም እንደዚሁ። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ፊደል ተለይቶ እንዲነበብ ስንት ነጥብ ያስፈልገዋል የሚል ይሆናል።

በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር በቀለም መታያው ለእያንዳንዱ ፊደል የሚሰጠው ቦታ 8 ነጥብ በ8 ነጥብ የሆነ ሣጥን ነበር። ይህ ልክ ለላቲን ፊደል ተሠርቶለት ነበርና በቃው። የእኛን “ሼ” በዚያው ሣጥን ውስጥ ለማስገባት እንሞክር። በቁመት ለላይኛው ሰረዝ 1፣ ሰረዙን ከአካሉ ለመለየት 1፣ ለቅስቱ 1፣ ለእግሩና ለቀለበቱ 3፣ በድምሩ 6 ነጥብ ያስፈልጋል። በወርድ ለግራው እግር 1፣ ለመካከሉ ክፍተት 2፣ ለቀኙ እግር 1፣ ለቀለበቱ 3፣ በድምሩ 7 ነጥብ ይሆናል፤ ምክንያቱም ባዶ ሆድ ያለው ቀለበት ከ3 በ3 ባነሰ ነጥብ ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ “ሼ” በጭንቅ ይገባል፤ ከጎኑ የሚቀረውም አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ቀለበት የበዛበት “ጬ” ግን ቀለበቶቹ ካልተደፈኑ በቀር አይገባም። የብራናው ጸሐፊ ወፍራሙን መስመር ከቀጭኑ እየለየ የሚሰጠው ውበት ደግሞ በዚህ ሣጥን ውስጥ ጭራሽ ቦታ የለውም፤ ሁሉም መስመር አንድ ነጥብ ነው።

በ1987 እ.ኤ.አ. ቪ.ጂ.ኤ. የተባለው ደረጃ 640 በ480 ነጥብ ይዞ ሲመጣ ለአንድ ፊደል የሚሰጠው ቁመት ወደ 16 ረድፍ አደገ። በዚያው ዘመን ዶክተር አበራ ሞላንና አቶ ፍስሐ አጥላውን የመሳሰሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ፊደሉን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችሉ ሥራዎችን አቀረቡ። ሁሉንም የገጠማቸው ሁለተኛ ችግር የቁጥር ነበር። የዘመኑ ኮምፒዩተር በአንድ የፊደል ዓይነት ውስጥ ከ256 በላይ ምልክት አይቀበልም ነበር፤ የአማርኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። በዚህ ላይ እንደ “ቋ”ና “ጓ” ያሉት፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ለላቲኑ ፊደል የሚተርፍ ቦታ የለም። ከዚህ የተነሣ ፊደሉን በሁለት መክፈል፣ ወይም ክፍሎቹን እየቀጣጠሉ መጻፍ ግድ ሆነ። ኋላም ፓወር ግእዝንና ቪዥዋል ግእዝን የመሰሉ የጽሕፈት ፕሮግራሞች በአገር ውስጥ ሲስፋፉ እያንዳንዱ የራሱን የቁጥር አመዳደብ ይከተል ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ይሆን ነበር። ይህ ችግር መፍትሔ ያገኘው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. ለግእዝ ፊደል 345 ምልክቶችን በመደበኛነት ሲመዘግብ ነው።

ይህን ታሪክ እዚህ ያነሣነው ለመዘከር ብቻ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ከደከሙበት ጊዜ ጀምሮ ስለ ፊደላችን የሚነሣ አንድ ክርክር ነበር፤ ይኸውም ፊደሉ በዝቷል፣ ለመኪና አይመችም፣ ስለዚህ ይቀነስ ወይም ቅርጹ ይለወጥ የሚል ነው። ስለ ሞክሼ ፊደላት የሚነሣው ሙግት የራሱ የቋንቋ ምክንያት አለውና በሌላ ቦታ የሚታይ ነው። ከመኪናው የተነሣው ምክንያት ግን ዛሬ ሲመረመር ድህነቱ የመኪናው እንጂ የፊደሉ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ዛሬ 4ኬ የሚባለው መታያ 3840 ዓምድና 2160 ረድፍ፣ በጠቅላላው 8,294,400 ነጥቦች አሉት፤ ቪ.ጂ.ኤ. የነበረው 307,200 ነው። አዲሱ የቀድሞው 27 እጥፍ መሆኑ ነው። በፊደሉ ላይ ተፈርዶ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ የተሰጠው ከሃምሳ ዓመት በማያልፍ የመሣሪያ ጉድለት ምክንያት በሆነ ነበር።

6. “ጥራት” የሸፈናቸው ነገሮች

ጥራት “ጠራ” ከሚለው ግስ የወጣ ነው። የጠራ ውሃ፣ የጠራ ሰማይ እንላለን፤ መሠረቱ ድፍርስነት የሌለበት መሆን ነው። በኋላ ዘመን በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ ቋንቋ “የምርት ጥራት”፣ “የጥራት ደረጃ” እየተባለ የዕቃን መልካምነት በጠቅላላው የሚገልጽ ቃል ሆነ። በመሆኑም “ከፍተኛ ጥራት ያለው ሞኒተር” የሚለው ሐረግ ሲነገር አድማጩ ነጥቦቹ የበዙ፣ ቀለሙ የደመቀ፣ ብርሃኑ የበረታ፣ ወይም ቶሎ የማይበላሽ ማለት እንደ ሆነ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ሻጩ ግን ያውቃል።

በእንግሊዝኛ በዚህ ቦታ የሚነገረው ቃል ከላቲን “መፍታት” ከሚል ግስ የመጣ ነው። እኛም “ፍች” የምንለውን ከ“ፈታ” ማውጣታችን መልካም መመሳሰል ነው፤ ነገር ግን ፍች ለቃል ትርጉምና ለባልና ሚስት መለያየት ተይዟል። ይኸው የእንግሊዝኛ ቃል በጉባኤ ሰነድ ላይ “ውሳኔ” ማለት ስለ ሆነ፣ ዐውዱን ያላየ ተርጓሚ “ከፍተኛ ውሳኔ ያለው ሞኒተር” ሊል ይችላል። በሥነ ብርሃን ጥናት ደግሞ ቃሉ የአጉሊ መነጽርን የመለየት ኀይል ያመለክታል፤ ሁለት ተቀራራቢ ከዋክብትን እንደ ሁለት ማሳየት ማለት ነው። በመታያ ገበያ ግን የሚቆጠረው የመለየት ኀይል ሳይሆን የነጥብ ብዛት ነው። እንግዲህ እንግሊዝኛው ራሱ ልል ቃል መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ልል ቃልን እንደ ልልነቱ መተርጎም ግዴታ አይደለም።

ለነጥቡስ ምን እንበለው? “ነጥብ” ማለት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ነጥብ በአማርኛ ሥርዓተ ነጥብ ነው፤ ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ እንላለን። በሂሳብ የአስርዮሽ ምልክት ነው፤ በስፖርት ውጤት ነው፤ በኅትመት ሙያ ደግሞ የፊደል መጠን መለኪያ ነው። “የ10 ነጥብ ፊደል በ13 ነጥብ ተጻፈ” ብንል የመጀመሪያው የኅትመት ነጥብ፣ ሁለተኛው የመታያ ነጥብ መሆኑን ማን ያውቃል? ስለዚህ በገላጭ ጽሑፍ “የምስል ነጥብ”፣ በመለኪያና በውል ላይ ግን ፒክስል እንዲባል እናሳስባለን። ቃሉ በ1965 እ.ኤ.አ. “ሥዕል” እና “አካል” የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆርጠው ከመገጣጠማቸው የተወለደ ነው፤ ለባለቤቶቹም ቢሆን ሰው ሠራሽ ነውና እኛ ብንዋሰው የምናፍርበት ነገር የለም።

በዚህ መሠረት ጥራት የሸፈነው ነገር በሁለት ተከፍሎ ሊሰየም ይችላል። የመጀመሪያው የፒክስል ብዛት ነው፤ በዓምድና በረድፍ ይገለጻል። ሁለተኛው የፒክስል ጥግግት ነው፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ፒክስል እንደ ተሰለፈ ያመለክታል። “የሕዝብ ጥግግት” ማለት የለመደ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የአገር ሕዝብ ብዛት የአንዱን ቀበሌ መጨናነቅ እንደማይናገር ሁሉ፣ የፒክስል ብዛትም የመታያውን ስፋት ካላወቅን ስለ ፊደሉ ጥርት ማለት አይናገርም።

እዚህ ላይ “4ኬ” የሚለው የገበያ ስም ስለሚያሳስት አንድ ነገር እንጨምር። ቀደም ያለው 1080 የተባለው ስም የረድፎቹ ቁጥር ነው። 4ኬ ግን በግምት አራት ሺህ የሆኑትን ዓምዶች ይቆጥራል፤ ስሙም መጀመሪያ 4096 ዓምድ ካለው የሲኒማ ደረጃ የመጣ ነው። ቁጥሩ ከ1080 ወደ 4000 ሲዘል ገዢው አንድን ነገር በሁለት መለኪያ ያነጻጽራል። ረድፉ ያደገው በእጥፍ ብቻ ነው፤ ዓምዱም እንዲሁ በእጥፍ ነው፤ አራት እጥፍ የሆነው ጠቅላላው የፒክስል ብዛት ነው።

7. የሸማኔው ልክ

ለዚህ ሁሉ ምሳሌ ለማግኘት ከቁስቋም ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በሽሮ ሜዳና በአካባቢዋ ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን በመወርወሪያ ያሳልፋል። ድርና ማግ በተገናኙበት ቁጥር አንድ ትንሽ የቀለም ቦታ ይወለዳል፤ ጥለቱም የእነዚህ ቦታዎች ድምር ነው። ሸማኔው አግድም የሚሄድ መስመር ሲሠራ ችግር የለበትም፤ ሰያፍ መስመር ሲሠራ ግን ጥለቱ ደረጃ ደረጃ ይሠራል። ፈትሉ ሲቀጥንና ሲጠጋጋ ደረጃው ለዐይን ይጠፋል። የፒክስል ጥግግት ማለት ይኸው ነው። ለሸማኔ የነጠላው ርዝመትና የፈትሉ ቅጥነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማስረዳት አያሻም፤ የኮምፒዩተር ገዢ ግን ሁለቱን በጥራት ስም አንድ አድርጎ ይከፍላል።

ቋንቋችንም ከዚህ ሙያ አንድ ጊዜ ተበድሮ ተሳክቶለታል። “ድረ ገጽ” ዛሬ ማንም ሳይጠራጠር የሚጠቀምበት ቃል ነው፤ ድር በሸረሪትም በሸማኔም ቤት የታወቀ ስለ ሆነ ለመረዳት አላስቸገረም። ማያ ገጽም በቅርጹ የእሱ ወንድም በመሆኑ ወደ ፊት የመለመድ ተስፋው ከሌሎቹ የበለጠ ነው ብለን እናምናለን።

8. ለሥራና ለመዝናኛ የሚሆነውን ስለ መምረጥ

ቃላቱ ከተለዩ በኋላ ምርጫው በቁጥር ሊደገፍ ይችላል። 1920 በ1080 የሆነ መታያ በ24 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች 92 ያህል ፒክስል ይይዛል። ያው ብዛት በ27 ኢንች ላይ ሲዘረጋ ወደ 82 ይወርዳል፤ ስለዚህ ትልቁን የገዛ ሰው ለፊደል ንባብ የከፋውን ገዝቷል። 2560 በ1440 በ27 ኢንች 109፣ 3840 በ2160 በ27 ኢንች 163 ይሆናል። በወረቀት ላይ 10 ፖይንት የሆነው ፊደል በዚያው መጠን ሲታይ በመጀመሪያው መታያ 13፣ በመጨረሻው 23 ያህል ፒክስል ቁመት ያገኛል። በ13 ፒክስል የ“ሼ” ቀለበት ይታያል፤ በ23 ደግሞ ወፍራምና ቀጭን መስመሩ መለየት ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ እርማት ለሚያይ፣ “ጸ”ን ከ“ጰ”፣ “ኀ”ን ከ“ነ” ሲለይ ለሚውል ሰው ይህ ልዩነት ቅንጦት አይደለም። ግን በኮምፒዩተሩ ላይ የማጉሊያው ልክ ወደ 150 በመቶ ካልተስተካከለ ፊደሉ አብሮ ስለሚያንስ ጥቅሙ ይጠፋል።

ለመዝናኛ ሲሆን ሚዛኑ ይለወጣል፤ ምክንያቱም ርቀቱ ይለወጣል። ደህና የሚያይ ዐይን የአንድን ዲግሪ 60ኛ ክፍል ያህል ለይቶ ያያል። ይህም በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት 0.17 ሚሊ ሜትር፣ በ3 ሜትር ርቀት 0.87 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 1920 በ1080 የሆነ የ43 ኢንች ቴሌቪዥን አንዱ ፒክስል ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ በ3 ሜትር ርቀት ተቀምጦ ኳስ ለሚያይ ሰው ፒክስሉ አይታይም፤ 4ኬ ቢገዛ ለዐይኑ የሚጨምርለት ጥቂት ነው። በጠረጴዛ ላይ ያለው የ24 ኢንች መታያ ፒክስል ግን 0.28 ሚሊ ሜትር ነውና ከዐይን ወሰን በላይ ነው፤ ይታያል። ስለዚህ አንድ መታያ ለሁለቱም ሥራ የሚገዛ ሰው ጥግግቱን በጽሕፈቱ፣ ስፋቱን በክፍሉ ርቀት ቢወስን ገንዘቡ በከንቱ አይሄድም።

ጌም የሚወድ ሰው ሌላ ቁጥር ይመለከታል፤ ይኸውም ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ነው። ይህን “የመታደስ ፍጥነት” ብንለው ይገባል። ለጽሕፈትና ለፊልም 60 ይበቃል፤ ለፈጣን ጨዋታ 120ና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ገመዱም አይዘንጋ። ኤች.ዲ.ኤም.አይ. የተባለው ማገናኛ በ1.4 እትሙ 4ኬን በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ያሳልፋል፤ 60 የሚያሳልፈው በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው 2.0 እትም ነው። ጥሩ መታያ በአሮጌ ገመድ ተይዞ ሲንቀረፈፍ “ጥራት የለውም” መባሉ የዚያው ቃል ሌላ በደል ነው።

9. የውሳኔ ሐሳብ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተለውን ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች እናቀርባለን። ዕቃው “የኮምፒዩተር ማሳያ” ይባል፤ “ሞኒተር”ም እንደ አቻ ውሰት ይመዝገብ። ፊቱ “ማያ ገጽ” ይባል። “መስኮት” በኮምፒዩተር ላይ ለሚከፈተው ክፍል ይቀመጥ። “መቆጣጠሪያ” በዚህ ፍች አይመዝገብ። የምስል ነጥቡ “ፒክስል”፣ ብዛቱ “የፒክስል ብዛት”፣ መጠጋጋቱ “የፒክስል ጥግግት” ይባል። “ጥራት” ለጠቅላላው መልካምነት ይቆይ፤ በጨረታና በውል ላይ ግን ከቁጥር ጋር ካልሆነ ብቻውን አይቁም።

ስለ ውሰቱ ጥርጣሬ ላለው አንባቢ አንድ ነገር እናስታውስ። ቁስቋም የሚለው ስም ራሱ የግብፅ አገር ስም ነው፤ ቅድስት ቤተሰብ በስደት የተቀመጠችበት ነው ተብሎ ከሚታመነው ስፍራ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በኩል መጣ፣ በጎንደር እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት ደብር ተጠራ፣ በአዲስ አበባም ከእንጦጦ ግርጌ ሰፈር ሆነ። ዛሬ “ቁስቋም ነው ቤቴ” የሚል ሰው የባዕድ ቃል የተናገረ አይመስለውም፤ አልተናገረምም። ቃል ዜጋ የሚሆነው በትውልድ ብቻ ሳይሆን በአገልግሎትም ነው። ሞኒተርና ፒክስል የሚፈለግባቸውም ይኸው ነው፤ በግልጽ የተወሰነ ሥራ ይሰጣቸው፣ ከሥራቸውም አይለፉ።